ከበግ ጠጉር መጋዘን ወደ ሸማኔ ጎጆ፦ የአርሊንግተን ሮው ክፍልፋይ ግድግዳዎች



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ አንድ ሕንጻ ነው፤ ያውም ቤተ መንግሥት ወይም ካቴድራል ያልሆነ፣ ማን እንደ ሠራው ስሙ የማይታወቅ ሕንጻ። በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺር፣ ባይበሪ በምትባል መንደር፣ ከኮልን ወንዝ ዳር የሚገኝ ሲሆን አርሊንግተን ሮው ይባላል። «ሮው» በእንግሊዝኛ ተርታ ማለት ነው፤ በእርግጥም ዛሬ የምናየው አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ የቆመ የትናንሽ የድንጋይ ጎጆዎች ተርታ ነው። ሕንጻው በ1380 ገደማ እንደ ተሠራ ይገመታል። ሲሠራ ግን ሰው እንዲኖርበት ታስቦ አልነበረም፤ የገዳም ንብረት የሆነ የበግ ጠጉር መጋዘን ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ተከፋፍሎ የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ከምናገረው ከአንዱ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእኛ እጅግ ርቆ ስለሚገኝ የጎጆ ተርታ ለመናገር ለምን እንደ መረጥሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ምክንያቱ በራሴ የተፈጸመ ስሕተት ነው፤ እርሱን ሳልናገር ወደ ጉዳዩ መግባት ተገቢ አይመስለኝም።

ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ የቆየ የድንጋይ ቤት እንዲታደስ ታስቦ፣ ምን መቅረትና ምን መነሣት እንዳለበት ሙያዊ አስተያየት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ቤቱን የሠራው ባለጸጋ ነጋዴ ሲሆን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የመንግሥት ከሆነ በኋላ ግን በጭቃና በእንጨት ክፍልፋይ ተሸንሽኖ በርካታ ቤተሰቦች ኖረውበታል። እኔም ክፍልፋዮቹ ታሪካዊ ዋጋ እንደሌላቸው፣ የመጀመሪያውን ቅርጽ ከመሸፈን ያለፈ ፋይዳ እንዳልነበራቸው ጽፌ ፈረምሁ። ፈረሱ። እድሳቱ አልቆ ቤቱ ለጎብኚዎች በተከፈተበት ቀን አንዲት አዛውንት ወደ እኔ ቀርበው፣ «ልጄ፣ ቤቱን ያጠናኸው አንተ ነህ ይሉኛል። እኔ ስምንት ልጅ ወልጄ ያሳደግሁበት ክፍል የትኛው ጋ ነበር?» አሉኝ። ንድፉ በእጄ ነበር። ነገር ግን የነጋዴውን ግድግዳዎች ብቻ ያነሣሁበት ንድፍ ስለ ነበር ላሳያቸው አልቻልሁም። «እማማ፣ አላውቅም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጥናት ወደ እንግሊዝ አገር በሄድሁ ጊዜ አርሊንግተን ሮውን አየሁ። አንድ ሕንጻ ክፍልፋዩ ባይኖር ኖሮ ራሱ ባልኖረ ነበር የሚለውን ነገር በግልጽ የተረዳሁት በዚያ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ይሞክራል።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩና ስለ በጉ ላንሣ፤ ሁለቱን ሳያውቁ ሕንጻውን መረዳት አይቻልም። ባይበሪ የምትገኘው ኮትስዎልድስ በሚባለው የኮረብታ አገር ነው። የኮረብቶቹ ዐለት በጁራሲክ ዘመን ከባሕር በታች የተጣለ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ለመጥረብ የሚመች፣ አየር ሲያገኘው የሚጠነክር፣ መልኩም ከቅቤ እስከ ማር የሚደርስ ነው። ግድግዳው ከእርሱ ይሠራል፤ ጣሪያውም በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ተመሳሳይ ድንጋይ ይከደናል። የድንጋይ ክዳኑ ሥርዐት አለው፤ ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከታች በግድግዳው አፍ ላይ ይደረደራሉ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያነሱ ሄደው ትንንሾቹ በጣሪያው ጫፍ ላይ ያርፋሉ። ውሃ ሳይዘገይ እንዲወርድ ጣሪያው በጣም ዘቅዛቃ መሆን አለበት። ይህ ዘቅዛቃነት ለክዳኑ ሲባል የተደረገ ቢሆንም ከጣሪያው ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ያስገኛል። ይህን ባዶ ቦታ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በኮረብቶቹ ላይ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ ለበግ ግጦሽ የተስማማ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አገር ዋነኛ የውጭ ንግድ ሸቀጥ የበግ ጠጉር ነበር። ንግዱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዓመት ከ40,000 ከረጢት በላይ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ አንዱ ከረጢት 165 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የፍሎሬንስ ነጋዴ የነበረው ፔጎሎቲ በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ባጠናቀረው የንግድ መመሪያ ውስጥ የእንግሊዝን ገዳማት ከሚያቀርቡት ጠጉር ዋጋ ጋር ዘርዝሯል። የጣሊያን ነጋዴ የሩቅ አገር ገዳማትን በስም እስኪያውቅ ድረስ የገዳማቱ ሀብት በበግ ጀርባ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በ1348 እና በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ መጣ። ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ ጠፋ፤ የቀረውም ሠራተኛ ክፍያው ተወደደ። እርሻ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ መንጋ ግን አንድ እረኛና አንድ ውሻ ይበቃዋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ እርሻው ወደ ግጦሽ ተለወጠ። አርሊንግተን ሮው የተሠራበት 1380 ከወረርሽኙ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለፈበት ጊዜ ነው። ሕንጻው ረጅምና ጠባብ ነው። አንዳንድ አጥኚዎች ጠጉር ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው ሲሉ፣ ሌሎች ራሳቸው በጎቹ በክረምት ይጠለሉበት የነበረ በረት ነው ይላሉ። የታሪክ ተመራማሪው ክሪስቶፈር ዳየር ስለ እንዲህ ዓይነት በረቶች ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ረጃጅምና ጠባብ የበግ ቤቶች በኮትስዎልድስ የተለመዱ ነበሩ። ሁለቱ አስተያየቶች ግን እርስ በርስ የሚፋረሱ አይደሉም፤ በጎቹ ከታች፣ መኖና ጠጉሩ ከላይ መሆናቸው በእንዲህ ዓይነት ሕንጻ የተለመደ ነበርና። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ሕንጻው ለሰው አለመሠራቱ ነው።

አሁን ከባይበሪ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሳይረንሰስተር ከተማ ለጥቂት ጊዜ እንሻገር። ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ በ1117 የመሠረተው የከተማዋ ገዳም ባለጸጋ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም እጅግ ግዙፍ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከ1536 እስከ 1540 የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመሠረቱ ፈረሰ፤ ድንጋዩም ተወሰደ። ዛሬ በስፍራው ሣር የለበሰ መናፈሻ አለ። ከገዳሙ ሕንጻዎች ቆሞ የምናገኘው በር ቤት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የዘመኑ ታላላቅ ግንበኞች የደከሙበት፣ ነገሥታት የደገፉት ቤተ ክርስቲያን ጠፋ። በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የበግ ጠጉር መጋዘን ግን ስድስት መቶ ዓመት አልፎት ቆሟል። ልዩነቱ በድንጋዩ ጥራት አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ አገር ድንጋይ ናቸው። ገዳማዊ አገልግሎቱ የቀረ ካቴድራል የሚያህል ሕንጻ ለድኻ ጎረቤት ሌላ ጥቅም ሊሰጥ አይችልም፤ ጥቅሙ ድንጋዩ ነው። ዝቅ ያለው፣ ረጅሙና ጠባቡ መጋዘን ግን እንዳለ ሊኖሩበት ይቻላል። ስለዚህ ተረፈ።

መጋዘን እንዴት ቤት ይሆናል? በ17ኛው መቶ ዘመን ይህን ሥራ የሠሩት አናጺዎችና ግንበኞች አራት ችግሮችን መፍታት ነበረባቸው፤ እነርሱም ክፍፍል፣ ወለል፣ ጭስና ብርሃን ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍፍሉ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ጣሪያ የቆመው በእንጨት ጥንዶች ላይ ነው። በዚህ ዓይነት አሠራር በተፈጥሮው የቆለመመ ግንድ ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱ ክፋዮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከግድግዳው ወገብ ተነሥተው ወደ ላይ እየተጠጉ በጣሪያው ጫፍ ይገናኛሉ። ጥንዶቹ በተወሰነ ርቀት ይደረደራሉ፤ በሁለት ጥንዶች መካከል ያለው ክፍተትም የሕንጻው መለኪያ ነው። እንዲህ ያለውን ሕንጻ የሚከፋፍል ሰው ክፍልፋዩን ብዙ ጊዜ ጥንዶቹ ባሉበት ቦታ ያቆማል፤ የሚደገፍበት እንጨት እዚያ አለና። በመሆኑም የጎጆዎቹ ስፋት የተወሰነው በሸማኔው ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ጠጉር ያስብ የነበረ አናጺም ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኋችሁ ከጣሪያ ሥር ያለው ባዶ ቦታ እዚህ ላይ ጥቅም አገኘ። ወራጅ እንጨት ተጋድሞ፣ ሳንቃ ተመቶበት፣ መኝታ የሚሆን ሁለተኛ ፎቅ ተገኘ። የቆለመሙት ጥንዶች በመኝታ ክፍሉ መሐል አልፈው ይሄዳሉ፤ ረዥም ሰው ጎንበስ ካላለ ራሱን ይመታዋል። ሦስተኛው ጭሱ ነው። ጠጉር እሳት አይፈልግም፣ እንዲያውም ሊርቀው ይገባል፤ ሰው ግን ያለ ምድጃ አይኖርም። ስለዚህ የድንጋይ ጭስ መውጫዎች ተገንብተው በጣሪያው ላይ ተተከሉ። አራተኛው ብርሃኑ ነው። ሸማኔ ድርና ማጉን ለይቶ ማየት አለበት። ግድግዳው ተቦርቡሮ መስኮት ወጣለት፤ ለላይኛውም ፎቅ ጣሪያው ተቆርጦ ትንንሽ ባለ ክዳን መስኮቶች ተነሡለት። ዛሬ በየፎቶግራፉ የምናደንቀው የተርታው ወጣ ገባ መልክ፣ ማለትም ሾጣጣ ግንባሮቹ፣ ጭስ መውጫዎቹ፣ እኩል ያልሆኑት በሮችና መስኮቶች ከሞላ ጎደል የዚህ ለውጥ ውጤት ናቸው። የ1380ው ሕንጻ ግን ወጥ የሆነ ረጅም ጣሪያና ጥቂት ቀዳዳ ያለው ግድግዳ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። «የመካከለኛው ዘመን ውበት» ብለን የምናደንቀው አብዛኛው ነገር እንግዲህ የ17ኛው መቶ ዘመን ድኾች ኑሮ የቀረጸው ነው።

የሸማኔዎቹም ሥራ በአካባቢው መልክዐ ምድር ላይ ተጽፏል። ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት በሦስት ወገን በውሃ የተከበበ ረግረጋማ መስክ አለ፤ ራክ አይል ይባላል፤ «የመስቀያ ደሴት» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው የታጠበው ሱፍ በእንጨት መስቀያ ላይ እየተዘረጋ ይደርቅበት ስለ ነበር ነው። ከመስኩ ባሻገር አርሊንግተን ሚል የተባለው የውሃ ወፍጮ ቆሟል። በጎጆዎቹ የተሸመነው ጨርቅ ወደዚያ ተወስዶ ቅባቱ እንዲወጣና እንዲጠብቅ በውሃ ኃይል ይደበደብ ነበር። ጎጆው፣ መስኩ፣ ወንዙና ወፍጮው የአንድ ሥራ አራት ክፍሎች ነበሩ። ጎጆውን ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው ሥራውን አያየውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድኽነት ነው። የግሎስተርሺር የጨርቅ ሥራ ፈጣን ጅረት ወዳላቸው ወደ ስትራውድ ሸለቆዎች አዘነበለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በእንፋሎት የሚሠሩት የዮርክሺር ፋብሪካዎች አየሉ። ባይበሪን የመሳሰሉ መንደሮች ከንግዱ መንገድ ወጡ። ገንዘብ ስለ ታጣ ማንም አዲስ ቤት አልሠራም፤ አሮጌውንም አላፈረሰም። ዛሬ «ሳይለወጥ የቆየ» ተብሎ የሚመሰገነው መልክ በአብዛኛው ነዋሪዎቹ ለመለወጥ አቅም በማጣታቸው የመጣ ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ መንደሩ ውበት ብቻ መናገር ለታሪክ ባለሙያ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

መንደሩን ለሰፊው ዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሞሪስ ነው። ገጣሚ፣ የጨርቅ ንድፍ ሠሪና የሕንጻ ጥበቃ ተሟጋች የነበረው ሞሪስ ባይበሪን ከእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ ውብ ብሎ እንደ ጠራት ይነገራል። ለዛሬው ጉዳያችን ከአድናቆቱ ይልቅ ተቃውሞው ይጠቅመናል። በ1876 ከባይበሪ ብዙም በማትርቀው በበርፎርድ የሚካሄደውን የቤተ ክርስቲያን እድሳት አይቶ ተቆጣ፤ በ1877 ደግሞ በዚሁ በግሎስተርሺር የሚገኘው የቱክስበሪ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ መሆኑን ሰምቶ ተቃውሞውን በጋዜጣ አሰማ፤ በዚያው ዓመት የጥንታውያን ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበርን አቋቋመ። የዘመኑ አዳሾች አንድን ዘመን «ትክክለኛ» ብለው ይመርጡና ከእርሱ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ ይፍቁ ነበር። የሞሪስ ሙግት ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ በሕንጻው ላይ የተጨመረው ሁሉ የታሪኩ አካል ስለሆነ፣ የኋለኛውን ፍቆ የመጀመሪያውን ማግኘት አይቻልም፤ የሚገኘው በፋቂው ምናብ ያለ አዲስ ሕንጻ ነው። እኔ በዚያ የድንጋይ ቤት ላይ የፈረምሁት ሞሪስ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተቃወመውን ነገር ነበር።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገጠር ጎጆዎች በየቦታው ሲፈርሱ፣ የንጉሣዊው የኪነ ጥበባት ማኅበር አሮጌ ጎጆዎችን የማዳን ዘመቻ ጀመረ፤ አርሊንግተን ሮውም በ1920ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ ተረፈ። በ1949 ወደ ናሽናል ትረስት ተላለፈ። ይህ በ1895 የተመሠረተው ድርጅት ከገዛቸው ሕንጻዎች የመጀመሪያው በ1896 በ10 ፓውንድ ያገኘው በአልፍሪስተን ያለ የ14ኛው መቶ ዘመን የካህን ቤት ነበር፤ ስለዚህ ለትንንሽ አሮጌ ቤቶች ያለው አሳቢነት ከጅምሩ የነበረ ነው። አርሊንግተን ሮው ዛሬ በሕግ በአንደኛ ደረጃ የተመዘገበ ቅርስ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ማዳንም ነበር። አሜሪካዊው ባለ ፋብሪካ ሄንሪ ፎርድ በ1930 ከባይበሪ አቅራቢያ ከቼድዎርዝ መንደር አንድ የድንጋይ ጎጆ ገዝቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ አስፈርሶ፣ በሚሺጋን ግሪንፊልድ ቪሌጅ በተባለው ሙዚየሙ እንደ ገና አስተከለ። አርሊንግተን ሮውንም ለመውሰድ አስቦ እንደ ነበር በመንደሩ ይነገራል። የቼድዎርዙ ጎጆ ዛሬ በሚሺጋን በደኅና ሁኔታ ይገኛል። ነገር ግን ከኮረብታው፣ ከወንዙና ከጎረቤቱ ተለይቷል። አርሊንግተን ሮው ተወስዶ ቢሆን ኖሮ መስቀያው መስክና ወፍጮው ትርጉም አጥተው በቀሩ ነበር።

እኔ በሄድሁበት ቀን መንገዱ በጎብኚዎች ተጨናንቆ ነበር። ሁሉም ካሜራውን ወደ ጎጆዎቹ አነጣጥሯል። በዚህ መካከል ከአንዱ በር አንድ ሰው የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ፎቶ አንሺዎቹ ከፊታቸው ገለል እስኪል በትዕግሥት ማጣት ጠበቁት። እኔም ካሜራዬን ይዤ ነበር፤ እኔም ጠበቅሁ። ወዲያው ግን አፈርሁ። ስድስት መቶ ዓመት ሕንጻውን ያቆየው እርሱን የመሰለ ሰው መኖሩ ሆኖ ሳለ፣ ሕንጻውን በደንብ ለማየት እርሱ ዞር እንዲል ፈለግን። በአገሬ ፈርሜ ያስፈረስሁት ክፍልፋይ በዚያ ቅጽበት ታወሰኝ።

ክቡራን አድማጮች፤ የተከፋፈለ ቤት ሁሉ መቅረት አለበት አልልም። ክፍልፋይ አንዳንዴ ምሰሶ ያደክማል፣ አየር ያሳጣል፣ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፤ በውስጡ የሚኖሩትም ሰዎች ከጠባብ ክፍል የተሻለ መኖሪያ ይገባቸዋል። በችግር የኖሩበትን ቤት እንደ ጌጥ አድርገን ብናቆየውም በደል ነው። እኔ የምለው ከመፍረሱ በፊት ይነበብ ነው። አርሊንግተን ሮውን መርምረን ገዳሙንም ሸማኔውንም ማግኘት የቻልነው ሁለቱም ንብርብሮች ስላሉ ነው። አንዱ ቢፋቅ ኖሮ በእጃችን የሚቀረው ወይ ምክንያቱ ያልታወቀ ረጅም መጋዘን፣ ወይ አመጣጡ ያልታወቀ የጎጆ ተርታ ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ስትገቡ የምታነሡት ንድፍ በዚያን ቀን የቆመውን ግድግዳ ሁሉ ይያዝ፤ የጭቃውንም፣ የጣውላውንም፣ የቆርቆሮውንም። የትኛው ዋጋ እንዳለው የምትፈርዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ከግድግዳው ጋር ጥላሸቱን፣ የተደፈነውን በርና የተቆረጠውን እንጨት መዝግቡ፤ እሳት የት ይነድድ እንደ ነበርና ሰው በየት ይገባ እንደ ነበር የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ ነዋሪዎቹን ጠይቁ። የአርሊንግተን ሸማኔዎችን ዛሬ መጠየቅ አንችልም፤ በእኛ ከተሞች የተከፋፈሉ ቤቶች የኖሩትን ሰዎች ግን ገና ማግኘት እንችላለን። ይህ ዕድል ብዙ የሚቆይ አይደለም።

እኚያን አዛውንት ከእንግሊዝ ስመለስ ፈልጌአቸው ነበር፤ ዐርፈዋል። የጥንት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስቤ፣ እነርሱ እየተከራከሩ፣ እኔ እየሰረዝሁ እየደለዝሁ የክፍሎቹን ንድፍ ከትውስታቸው አነሣሁ። በአንዳንዱ ቦታ አልተስማሙም፤ ያልተስማሙበትን በነጥብ መስመር አስቀመጥሁት። የእማማ ክፍል ግን ሁሉም የተስማሙበት ነበር፤ በምሥራቁ ጥግ፣ ነጋዴው ዕቃ ያስቀምጥበት በነበረው ክፍል ግማሽ ላይ ነበር። ንድፉ አሁን በትምህርት ክፍላችን መዝገብ ውስጥ ከቀድሞው ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች ቢሮዬ መጥታችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።